ሰባት ቤት መቍጠር

የቀድሞ ሊቃውንት ስለ ሰው ልጅ ኑሮ ሲጽፉ የቤተ ሰብን መለዋወጥ እንደ መሰላል አድርገው ያስቡት ነበር። አሜሪካዊው ሉዊስ ሞርጋን እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1877 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ፥ የዓለም ሕዝብ ሁሉ ከአንዱ የጋብቻ ደረጃ ወደ ሌላው በየተራው እንደሚወጣ አስተምሯል። ነገር ግን የሰንበቴን ገበያ ላየ ሰው ይህን አሳብ ማስረዳት ችግር ነው። ሰንበቴ ከሸዋ ሮቢት ወደ ሰሜን፥ በደሴ መንገድ ላይ ያለች የይፋት ቈላ ከተማ ስትሆን፥ በእሑድ ገበያዋ አማራው፥ አርጎባው፥ ኦሮሞውና አፋሩ ሲገናኙ ኖረዋል። በአፋሮች ዘንድ አብሱማ በሚባለው ልማድ ወንድ ልጅ የአባቱን እኅት ልጅ ያገባ ዘንድ መብት አለው፤ ከእርሱ ጋር የሚገበያየው የአማራ ክርስቲያን ግን እስከ ሰባት ቤት የምትዛመደውን ሴት እንደ እኅቱ ይቈጥራታል። ሁለቱም የአንድ ዘመን ሰዎች፥ የአንድ ገበያ ደንበኞች ናቸው። እንግዲህ ከመሰላሉ በላይኛው እርከን ላይ የቆመው ማንኛው ነው?

እኔ እንደሚመስለኝ ልዩነቱ የመጣው ከኑሯቸው ነው። ከብት አርቢው ዘመዱን ከዘመዱ ሲያጋባ መንጋውና ጎሣው አይበተንም። የመንዝ ገበሬ ግን ርስትን ከአባቱም ከእናቱም ወገን ይወርስ ስለ ነበር፥ ከሩቅ ባገባ መጠን ልጆቹ የሚጠይቁት መሬት ይሰፋላቸው ነበር። ርስት የሚጠይቅ ሰውም ትውልዱን እስከ መጀመሪያው አቅኚ አባት ድረስ ማድረስ ግድ ሆኖበት ኖሯል። ስለዚህ ዘር መቍጠር ማለት መሬት ማለት ነበር።

የእኛም ቤተ ሰብ ከመንዝ ደጋ ወደ ሮቢት የወረደ ነው። ደገኛው ቈላውን ስለ ወባው ይፈራው ነበር፤ ይሁን እንጂ በጠላት ወረራ ጊዜ፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ዘመን፥ ጣርማ በር ተፈልፍሎ የመኪና መንገድ ካለፈበት በኋላ አያቴ ከባላቸው ጋር ወረዱ። ፊደል ያልቈጠሩ ሴት ሲሆኑ፥ ጥጥ እየፈተሉ የሁለቱንም ወገን አያቶች ስም ያስጠኑን ነበር፤ ከመካከላችን አንዱ ስም ሲዘል እንዝርቱን አቁመው እንደ ገና ከራሳቸው ይጀምራሉ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ሲታወጅ የርስት ሙግት ቀረ። በቤታችን ዘር መቍጠር ይቅር ያለ ማንም የለም፤ የሚያስቈጥረው ጉዳይ ጠፋ እንጂ።

ሕጉም ከዘመኑ ጋር ሄዷል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተ ሰብ ራስ ሲያደርገው፥ የጋብቻን ዕድሜ ለወንድ 18፥ ለሴት 15 ዓመት ወስኖት ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣውና በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራው የፌዴራሉ የቤተ ሰብ ሕግ ግን የባልን አለቅነት አስቀርቶ ዕድሜውን ለሁለቱም 18 አደረገው፤ ከጎን ዘመድም ለወንድ እኅቱንና አክስቱን፥ ለሴት ወንድሟንና አጎቷን ብቻ ከለከለ።

ዘንድሮ የወንድሜን ልጅ አዲስ አበባ የሚኖር አንድ የመንዝ ተወላጅ አጫት። የልጁ ቅድመ አያቶች የወጡበት መንደር የእኛ ሆኖ ተገኘ። ሽማግሎች ተቀምጠው ሲቈጥሩ አምስት ቤት ያለ ግንኙነት ጠራ፤ በስድስተኛው ላይ ግን ከሁለቱም ወገን ስም የሚያነሣ ጠፋ። ልጅቱ፦ «ጋሼ፥ ሕግ ያልከለከለንን፥ ስሙ የጠፋ አባት ይከለክለናልን?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ ቀና ነው። ነገር ግን ልጆች ከተወለዱ በኋላ አንድ ዐዋቂ ብቅ ብሎ፥ «ስድስት ቤት ናችሁ» ቢል ሐሜቱ የሚያርፈው በልጆቹ ላይ ነውና፥ መርምሮ መጨረስ አስቀድሞ ይሻላል አልኋት። በመልሴ አልተደሰተችም። እናቷ እንቅልፍ አጥታለች፤ ወንድሜም ሳይጣራ አልመርቅም ብሏል።

ሰርጉ ለጥር ተቀጥሯል። ሁለት ሽማግሎች የመንደሩን አዛውንት ለመጠየቅ ወደ መንዝ ወጥተዋል፤ የጠላው ጥንስስ ግን ገና አልተጣለም።