«እኔ ልንዳ»

ሲልቨር ስፕሪንግ ከሚገኘው ቤታችን ወደ ቤልትዌይ ስንወጣ የምንገባበት መንገድ አጭር ነው። ባለፈው ዓመት ባለቤቴ ልጃችንን ይዛ ልትገባ ስትል አሮጌዋ መኪናችን አልነሳ አለቻት፤ ከኋላ የመጣው የጭነት መኪና ለጥቂት ሳታቸው። ከዚያ ወዲህ መሪ መያዝ ፈራች።

መኪና ለመቀየር ስንወስን ያገለገሉ፣ በሶኬት የሚሞሉ ሁለት ሃይብሪዶች አየን፤ ፎርድ ፊውዥን ኢነርጂ እና ሆንዳ ክላሪቲ። እኔ ቁጥር ቆጠርኩ። የፎርዷ ጠቅላላ ጉልበት 188 የፈረስ ጉልበት፣ የክላሪቲ 212። «ያን ያህል አይራራቁም፤ ርካሿን እንውሰድ» አልኩ።

«መጀመሪያ እንንዳቸው» አለች።

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። የፎርዷ የኤሌክትሪክ ሞተር 118 ብቻ ስለሆነ፣ ሙሉ ጉልበቷን ለማግኘት የቤንዚኑ ሞተር መነሳት አለበት። የክላሪቲ የኤሌክትሪክ ሞተር ግን 181 አለው፤ ገና ሲረገጥ ድምፅ ሳያሰማ ይስባል። ልጃችን ከኋላ «እማዬ፣ አውሮፕላን ነው እንዴ?» አለ።

ክላሪቲን ገዛን። በስንት ሰከንድ እንደምትፈተለክ እስካሁን አልለካሁም። ባለፈው ቅዳሜ ግን ባለቤቴ ቁልፉን ከእጄ ወሰደችና «እኔ ልንዳ» አለች።