አባባና የሐረማያ ዓሣ

ድሬዳዋ ያደገ ሰው «በልጅነቴ ዓሣ አጠምድ ነበር» ሲል የሚሰማው ሁሉ ይስቃል። አይፈረድበትም። የእኛ ደቻቱ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል አሸዋ ነው፤ ውሃ የመጣበት ሌሊት ደግሞ በ1998 ዓ.ም. ክረምት እንዳየነው ሰውና ቤት ጠራርጎ ይሄዳል። እኛ የምናጠምደው ደንገጎን ወጥተን፣ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀን፣ ሐረማያ ሐይቅ ላይ ነበር።

አባቴ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ የምድር ባቡር ጥገና ሠራተኛ ነበሩ። ስድስቱን ቀን በብረትና በጥቁር ዘይት መሐል ይውላሉ። እሑድ ሱብሒን ሰግደው ይቀሰቅሱኛል። ናይለን ክራቸው በወተት ጣሳ ላይ ተጠቅልሎ፣ መንጠቆው በቡሽ ላይ ተሰክቶ ሌሊቱን ተዘጋጅቶ ያድራል። የሥራ ባልንጀራቸው መኪና ተራ ይጠብቁናል። እኒህ ሰው ክርስቲያን ናቸው፤ እኔ ጋሼ ነበር የምላቸው። ደንገጎ ላይ ብርዱ ሲቀበለን ጋቢያቸውን ለእኔ ያለብሱኛል።

ዙህር ሲደርስ አባባ ከሐይቁ ውዱእ አድርገው ይሰግዳሉ፤ ጋሼ የሁለቱንም ክር ይዘው ይጠብቃሉ። አንድ ቀን አባባ ሱጁድ ላይ ሳሉ ክራቸው ተወጠረ። ጋሼ ጎትተው ቢያወጡት ትልቅ ቆሮሶ ነው። አባባ አሰላምተው ሲነሡ «እንካ፣ ያንተ ነው» አሏቸው። «ያወጣኸው አንተ ነህ፤ ሐቁ ያንተ ነው» ብለው እንቢ አሉ። ሁለት ትልልቅ ሰዎች እንዲህ ሲከራከሩ ዓሣው ከእጃቸው አምልጦ ተመልሶ ውሃው ውስጥ ገባ!

ዓሣ ለሁለቱ የተለየ ነገር ነበረው። በአገራችን ሥጋ ላይ ሲደረስ ማዕድ ይለያል፤ ማን ባረከው፣ ማን አረደው ይባላል። ዓሣ ግን ሳይታረድ ሐላል ነው። በባልንጀርነታቸው ዘመን ሁሉ ከሥጋ ወገን ከአንድ ትሪ ላይ አብረው የበሉት ቢኖር እናቴ በሎሚና በበርበሬ አሽታ የምትጠብሰውን ያን ቆሮሶ ብቻ ነው።

ሐይቁ ለብዙ ዓመታት የሐረርን ከተማ አጠጥቷል። በዙሪያው ያለው ጫትና አትክልትም በሞተር እየሳበ ይጠጣው ነበር፤ ከተራራው የሚታጠበው አፈር ደግሞ ሆዱን ይሞላዋል። ዓመት በዓመት እየሸሸ ሄዶ በ1990ዎቹ አጋማሽ ከብት የሚግጥበት ሜዳ ሆነ።

ያኔ አባባ አልጋ ይዘው ነበር። እኔን ሥራ ወደ ሐረር ያመላልሰኛልና በተመለስኩ ቁጥር «ሐይቁ እንዴት ነው?» ይሉኛል። የተሰነጠቀ ጭቃ አይቼ መጥቼ «ደህና ነው አባባ፤ ትንሽ ሸሸት ብሏል እንጂ» እላለሁ። ለበሽተኛ ብዬ ነው እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ። አንድ ማታ «ሲሻለኝ እንወጣለን» አሉኝ። «ኢንሻአላህ» አልኩ። በዚያች ኢንሻአላህ እስከ ዛሬ አፍራለሁ። በሳምንቱ ወደ አኼራ ሄዱ።

ጀናዛው ላይ እንደ ልማዱ ቆሜ «አባቴ ላይ ሐቅ ያለው እኔን ይጠይቅ» አልኩ። ሰው ሁሉ አውፍ ብለናል አለ። ሐቃቸው ያለብኝ ግን እኔው ነበርኩ፤ አውፍ በሉኝ ሳልላቸው ሄዱ።

ጋሼ ለቅሶ ሊደርሱ ሲመጡ ነገሩን አወጣሁላቸው። ብዙ ዝም አሉና «መድረቁንማ እኔው ነግሬዋለሁ። ካወቀ ስድስት ወር አልፎታል» አሉኝ።

«ታዲያ ለምን ይጠይቁኝ ነበር?»

«እኔም ይህንኑ ጠይቄዋለሁ። ‹ልጁ ሲያወራልኝ ውሃው ይታየኛል፤ እንዳታሳፍረው› ነው ያለኝ።»

በቅርብ ዓመታት ውሃው ወደ ሐረማያ ተመልሷል። ባለፈው ዓመት ልጄን ይዤ ወጣሁ፤ የአባባንም ጣሳ ከነክሩ ይዤ ነበር። ክሩ ደርቆ ኖሮ ገና ስፈታው ተበጠሰ። ልጄ «አያቴ የሚቀመጡት የት ነበር?» አለኝ። ዳርቻው እንደ ድሮው አይደለም፤ ዞር ዞር ብዬ አየሁ።

«ወደዚያ ይመስለኛል፤ እርግጠኛ አይደለሁም» አልኩት። ዙህር ደርሶ ነበርና ለውዱእ ወደ ውሃው ወረድን።