የአባዬ መሪ

አባቴ መንዳት ያቆመው «ነዳጅ ተወደደ» ብሎ ነው። ለወራት አመንኩት። አንድ እሑድ መኪናዋን ከግቢ ላወጣ ስል ግን መሪው አልዞር አለኝ፤ በሁለት እጄ እየታገልኩ ነው በሩን ያለፍኩት። አባዬ ትከሻውን ከታመመ ወዲህ ቀኝ እጁ ጉልበት የለውም። ነገሩ የገባኝ ያን ቀን ነው።

መኪናዋ መርሴዲስ 240 ዲ ናት፣ ደብሊው 123 ከሚባለው ዘር። ከ1976 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ 2.7 ሚሊዮን የሚጠጉ ተሠርተዋል፤ ዕቃ ሙሉ በሙሉ አይጠፋላትም። የመሪ ሳጥኗን ሲፈታ ሳይ ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ቀናሁ። መሪው የሚያዞረው ጠመዝማዛ ብረት አለ። በቦዩ ውስጥ ትናንሽ የብረት ኳሶች ይንከባለላሉ፣ ፒስተኑን ይገፋሉ። ከፓምፑ የሚመጣው ዘይት ደግሞ ያንኑ ፒስተን ያግዛል። የፒስተኑ ጥርስ ወደ ታች የወረደውን ዘንግ ያዞራል፣ ከዘንጉ ጋር የታሰረው ክንድ ጎማዎቹን ይጎትታል። የእኛዋ የታችኛው ኦይል ሲል ተበልቶ ዘይቱ መሬት ላይ ያልቅ ነበር። አባዬ ጠዋት ጠዋት እየሞላ ሲነዳ ከርሟል፤ ባዶ ጠርሙሶቹን ከውሃ ሮቶው ጀርባ አገኘኋቸው። ምንም አልተናገርኩም።

ሶማሌ ተራ ያለ ባለሙያ ኦይል ሲሎቹንና ኩሽኔቶቹን ቀይሮ ሳጥኑን መለሰልኝ። «ስትገጥም አትቸኩል» አለኝ።

ቸኮልኩ። ሰኞ ሥራ አለብኝ። ሳጥኑ ከዳር እስከ ዳር ስንት ጊዜ እንደሚዞር ቆጥሬ መሀሉን ያዝኩ፤ የመሪውን ዘንግ ሳስገባ ግን አንድ ጥርስ ስቼ ኖሮ መሪው ጠሞ ቀረ። ፈታሁት፣ እንደገና ገጠምኩት። ቱቦዎቹን አሰርኩ፣ ዘይት ሞላሁና ሞተሩን አስነሣሁ።

ፓምፑ ጮኸ። ዘይት ማጠራቀሚያውን ስከፍተው ወተት የመሰለ አረፋ ሞልቶታል። አየር ስለሚታመቅ ግፊቱን ይበላዋል፤ ፓምፑ ደግሞ በፈጠነ ቁጥር አየሩን ከዘይቱ ጋር ይመታዋል። ኮድ ቢሆን አንድ ትእዛዝ ጽፌ ወደ ትናንቱ እመልሰው ነበር። አባዬ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ሲያየኝ ቆይቶ «ተወው፣ ይደር» አለኝ።

አደረ። ጠዋት አረፋው ጠፍቶ ዘይቱ ዝቅ ብሎ ነበር። ሞላሁት። መኪናዋን በክሪክ አንስቼ የፊት ጎማዎቹ መሬት እንዳይነኩ ከሥር መደገፊያ አስገባሁ። ሞተር ሳይነሣ መሪውን ቀስ ብሎ ከዳር ዳር የሚያዞር ሰው ያስፈልጋል፤ ሌላው ዘይቱን ያያል፣ ሲጎድል ይሞላል። ታናሽ ወንድሜን ልጠራ ስል አባዬ ጫማውን አድርጎ መጣ።

«አባዬ፣ ትከሻህ...»

«ጎማው አየር ላይ አይደል እንዴ?»

ገባ። «ግራ» አልኩት፣ አረፋ ቡልቅ አለ። «ቀኝ»። ቡልቅ። በየመሀሉ ይቆማል፣ እጁን ያራግፋል፣ ይቀጥላል። ዳር ሲደርስ ጫን ብሎ እንዳይዝ ልነግረው ነበር፤ አላስፈለገም፣ ዳር ሲነካ ራሱ ይለቃል። ስንት ጊዜ እንደዞረ መቁጠር ትቻለሁ። በመጨረሻ ዘይቱ ረጋ።

«አስነሣው» አልኩት። ፓምፑ አልጮኸም። ጥቂት አረፋ ወጣ፣ ትንሽ ጨመርኩ፣ ክሪኩን አወረድኩ። ጎማዎቹ መሬት ሲነኩ አባዬ በግራ እጁ ብቻ መሪውን አዞረው። ከዚያ ግራውን አንስቶ በቀኙ ሞከረ።

ዞረለት።

ዞር ብዬ ቁልፎቹን መሰብሰብ ጀመርኩ። ቀና ስል የግቢው በር ተከፍቷል፣ መኪናዋ የለችም። ተመልሶ ካቆማት በኋላ ሳጥኑ ሥር ካርቶን አነጠፍኩ። ማታ በስልኬ መብራት አየሁት፤ ደረቅ ነው። ጠዋት ልደግመው ስወጣ አባዬ ካርቶኑን ቀድሞኝ አውጥቶ እያገላበጠ ያየዋል።