አንድ የሻይ ማንኪያ

ልጄ አማርኛ ትሰማለች እንጂ አታነብም። ይህን ለመጻፍ የደፈርኩትም በዚሁ ተማምኜ ነው።

ቁንጮን የገደልኩት እኔ ነኝ።

ቁንጮ የልጄ ወፍ ነበር። ኮካቲል የሚሉት፣ አናቱ ላይ ቁንጮ ያለው የአውስትራሊያ በቀቀን ነው። ገላው ግራጫ፣ ፊቱ ቢጫ፣ ጉንጮቹ ላይ ደግሞ አንድ ሰው ጣቱን በርበሬ ነክሮ የነካው የሚመስል ክብ ምልክት። ልጄ የፈረንጅ ስም ልታወጣለት አስባ ነበር። ሲደነግጥ ቁንጮውን ቀጥ፣ ሲናደድ ልጥፍ ሲያደርግ አይታ እኔ ባወጣሁት ተስማማች። በየእሑዱ በወጥ ቤት ሚዛን እየመዘነች በደብተር ትጽፍ ነበር፤ ከ90 ግራም ብዙም ወዲያ ወዲህ አይልም። «ወርቅ ቤት ከፈትሽ እንዴ?» እያልኩ እስቅባታለሁ።

የምንኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ያደግኩት ግን ይርጋለም ነው፤ ጥፋቴም የሚጀምረው ከዚያ ነው። ጓሯችን ውስጥ ትልቅ የአቮካዶ ዛፍ ነበረን። ወቅቱ ሲደርስ ፍሬው እየወደቀ ይፈርጣል፤ የእናቴ ዶሮዎች ቀኑን ሙሉ ሲቆረቁሩት ውለው ማታ በሰላም ቆጣቸው ላይ ይወጣሉ። አንዲት ዶሮ እንኳን በአቮካዶ ሞተች ሲባል አልሰማሁም። ከቤታችን ዝቅ ብሎ ደግሞ የሾላ ዛፍ ነበር፤ ትንንሽ አረንጓዴ በቀቀኖች እየተንጫጩ ፍሬውን ይለቅሙ ነበር። እኔም ዶሮውንና በቀቀኑን ደምሬ አንድ እውቀት ሠራሁ። በቀቀን ፍሬ ይወዳል፣ አቮካዶም ወፍ አይጎዳም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ማንም አልጠየቀኝም፣ እኔም ማንንም አልጠየቅኩም።

የዛሬ ስምንት ወር፣ ቅዳሜ ማታ ነው። እንግዳ ይመጣል ብዬ ስፕሪስ እሠራለሁ። ልጄ ጓደኛዋ ቤት ልታድር ሄዳለች። ፓፓያውን ፈጭቼ ከሥር፣ ማንጎውን ከመሐል፣ አቮካዶውን ከላይ ልደረድር ነው። ሎሚና ቪምቶ አዘጋጅቻለሁ። ቁንጮ እዚያው ወጥ ቤት በሽቦ ቤቱ ሆኖ ልጄ ያስለመደችውን የእንቁጣጣሽ ዜማ ያፏጫል። ሁልጊዜ ግማሹ ላይ ይጠፋበትና እንደገና ከመጀመሪያው ይነሳል። አፍ ያለው ፍጡር እያየኝ ብቻዬን መቅመስ አልችልበትም፤ እንዲህ ነው ያደግኩት። ከፓፓያው ሰጠሁት፣ በላ። ከማንጎው ሰጠሁት፣ በላ። ከአቮካዶው ግን በሻይ ማንኪያ ሙሉ፣ እንዲያውም ቁልል አድርጌ፣ ሳህኑ ላይ አስቀመጥኩለት። ልጅ ሆነን ልጣጩን በጥርሳችን እንፍቅ ስለነበር እሱም ደስ ይበለው ብዬ ልጣጩን ከነቅሪቱ ሽቦው ላይ ሰካሁለት።

ማቀዝቀዣው በር ላይ ልጄ በዘጠኝ ዓመቷ በቀይ እስክሪብቶ የጻፈችው ወረቀት ነበር፤ ቁንጮ ፈጽሞ የማይሰጠው ነገር። አንደኛው አቮካዶ ነው። ከሥሩ ቸኮሌት፣ ቡና፣ ሽንኩርት፣ ጨው። በላዩ ላይ የመብራት ቢል ለጥፌበት ነበር። ስለዚህ አላውቅም ነበር ማለት አልችልም። አላነበብኩም ማለት ግን እችላለሁ።

እሑድ ጠዋት ሳህኑ ባዶ ነው። ቁንጮ ከእንጨቱ ወርዶ የሽቦ ቤቱ ወለል ላይ ላባውን ነፍቶ ድቡልቡል ብሏል፤ ፉጨት የለም። ብርድ መታው ብዬ በጨርቅ ሸፈንኩትና ቡናዬን አፈላሁ። ወፍ ሕመሙን ይደብቃል፤ ዱር ውስጥ የታመመ መምሰል መበላት ነውና። ስለዚህ መታመሙ በግልጽ ከታየ ነገሩ ሩቅ ሄዷል። ይህን ያወቅኩት በኋላ ነው፤ ያን ጠዋት እኔ ጨርቅ አለበስኩት።

ስድስት ሰዓት ላይ ልጄ ገባች። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ጨርቁን ገለጠችና «አባዬ፣ ጅራቱን እየው!» ብላ ጮኸች። በተነፈሰ ቁጥር ጅራቱ ከፍ ዝቅ ይላል። ትንፋሽ አጥሮታል ማለት ነው። እሷ ይህን ታውቃለች።

ሐኪም ቤት ስንደርስ ሐኪሟ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «አዲስ ነገር በልቷል?» ብላ ነው። ልጄ አጠገቤ ቆማለች። «ፍራፍሬ» አልኩ፤ «ማንጎና ፓፓያ።» ቀዩ ጽሑፍ ያን ጊዜ ትዝ ብሎኛል። ትዝ ብሎኝ ነው ያልተናገርኩት።

ኦክስጅን ውስጥ አስገቡት። ሃያ ደቂቃ ያህል ወንበር ላይ ከተቁነጠነጥኩ በኋላ ሐኪሟን ተከትዬ ኮሪደር ወጣሁና በሹክሹክታ «አቮካዶም ቀምሷል» አልኳት። «ምን ያህል?» አለችኝ። «ትንሽ።»

አቮካዶ ውስጥ ፐርሲን የሚባል ነገር እንዳለ፣ እንደ እሱ ያሉ ወፎችን የልብ ጡንቻ እንደሚጎዳ፣ ልብ ሲደክም በሳንባና በልብ ዙሪያ ውሃ እንደሚቋጥር፣ ማርከሻ እንደሌለው ነገረችኝ። በበላ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ቢመጣ መርዙን የሚይዝ ከሰል ይሰጡት ነበር፤ አሁን የቀረው ኦክስጅንና ውሃውን የሚያስወጣ መድኃኒት ብቻ ነው። የእኔ ሃያ ደቂቃ ለውጥ አላመጣም አለችኝ። እውነቱን ነው ወይስ ልታጽናናኝ? ደፍሬ አልጠየቅኳትም።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደውለው ነገሩን።

ጠዋት ለልጄ «ልቡ ደከመ» አልኳት። እውነት ነው፤ የሞተው ልቡ ደክሞ ነው። እንዲህ ያለ ግማሽ እውነት ከለየለት ውሸት ይብሳል፤ የሚጠረጥረው የለም። «አራት ዓመቱ ነው እኮ» ብቻ አለች። በደንብ የተያዘ ኮካቲል አሥራ አምስት ዓመትና ከዚያም በላይ ይኖራል።

ከዚያ በኋላ ማንበብ ጀመርኩ፤ ቀብር ካለፈ በኋላ ደራሽ እንደሚባለው ዓይነት። ባጅሪጋር የምትባለው ትንሿ በቀቀን ላይ በተደረገ ሙከራ 1 ግራም አቮካዶ ወፎቹን አቅበጥብጦ ላባቸውን አስነጭቷቸዋል፤ 8.7 ግራም ደግሞ በ48 ሰዓት ውስጥ ገድሏቸዋል። ሰጎን እንኳን ቅጠሉንና ያልበሰለ ፍሬውን በልታ ልቧ ደክሟል። ዶሮና ቱርክ ግን የተሻለ ይቋቋሙታል። የእናቴ ዶሮዎች አልዋሹኝም፤ ስለ ዶሮ ነበር የሚነግሩኝ። መርዙ ከሥጋው ይልቅ በቅጠሉ፣ በልጣጩና በውስጡ ዘር እንደሚበዛም አነበብኩ። ልጣጩን የሰካሁለት እጄን አየሁት። አንድ የሻይ ማንኪያ አምስት ግራም ያህል ነው። ለ90 ግራም ወፍ አምስት ግራም ማለት 70 ኪሎ ለሆነ ሰው አራት ኪሎ ሊደርስ ምንም አልቀረው። «ትንሽ» ያልኩት ይህን ነው።

የሾላው በቀቀንም ሌላ ነው። ኮካቲል የአውስትራሊያ ደረቅ ሜዳ ወፍ ነው፤ ዋና ቀለቡ የሣር ዘር ነው። ፍራፍሬ ለእሱ ቅምሻ ነው። ቤታችሁ ኮካቲል ካለ ማንጎ፣ ፓፓያ፣ ሙዝ፣ ሐብሐብ፣ ወይን አትከልክሉት። ነገር ግን በደንብ ታጥቦ፣ በጣት ጥፍር ልክ ተቆርጦ ይሁን፤ የተረፈውን ሁለት ሰዓት ሳይሞላ አንሱ። ፖም ስትሰጡት እምብርቱን ከነፍሬው አውጡ፣ ፍሬው ሲታኘክ ሳያናይድ ያወጣልና። የኮክ፣ የቼሪና የአፕሪኮት የውስጥ ፍሬም እንዲሁ ነው። ፍራፍሬ ከበላ በኋላ ኩሱ ቢቀጥን ከጭማቂው ነው፣ አትደንግጡ። አቮካዶ ከቀመሰ ግን እስኪታመም አትጠብቁ፤ ያኔውኑ ሐኪም ጋ ውሰዱት፣ ምን ያህል እንደበላም ሳታሳንሱ ተናገሩ።

እዚህ ድረስ ከጻፍኩ በኋላ ለሁለት ሳምንት አቆምኩት። በመሐሉ እናቴ ይርጋለም ሆና ደወለች፤ ነገሩን መጀመሪያ የነገርኩት ለእሷ ነው።

«የእኔዎቹ እኮ አንድም ቀን አላመማቸው» አለች።

«እማዬ፣ ይሄ ዶሮ አይደለም።»

«እሺ። ልጅቷስ ስትሰማ ምን አለች?»

ኔትወርኩ የተቋረጠ መሰላት፤ «ሃሎ፣ ሃሎ» ትለኛለች።

ባለፈው እሑድ ልጄን ወጥ ቤት አስቀምጬ ነገርኳት። አቮካዶውን፣ ልጣጩን፣ የመብራት ቢሉን፣ ሐኪም ቤት ያልኩትንና ያላልኩትን። አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። ብዙ ቆይታ «ምን ያህል ሰጠኸው?» አለችኝ። «ትንሽ» ማለት ጀምሬ ተውኩት፤ ተነስቼ ከመሳቢያው የሻይ ማንኪያውን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

«ሙሉ?»

«ሙሉ። ቁልል ያለ።»

ማንኪያውን ይዛ ወደ ክፍሏ ገባች። እስከ ዛሬ ወደ መሳቢያው አልተመለሰም፤ እኔም አልጠየቅኳትም።