ጎንደርና ሁለተኛው ዓይን

ከባሕር ዳር እስከ ጎንደር ያለው መንገድ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በወረታና በአዲስ ዘመን አልፎ፥ እንፍራንዝንና ማክሰኚትን ተሻግሮ፥ በአዘዞ በኩል ወደ ከተማው ይገባል። በጥር ወር 2011 ዓ.ም. በዚሁ መንገድ ስጓዝ በአውቶቡሱ ውስጥ ከነበረው ሰው አብዛኛው ጥምቀትን ለማክበር የሚሄድ ነበር። እኔም የጥምቀት መንገደኛ ነበርኩ፤ ነገር ግን በጉልበቴ ላይ አንድ የካርቶን ሣጥን ታቅፌ ነበር። በውስጡ ስምንት ቱቦ የዘይት ቀለም፥ ሦስት ብሩሽና አንድ ጠርሙስ የተልባ ዘይት አለ። አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት እናት ሣጥኑን አተኩረው ሲያዩ ቆይተው፥ «የበሽተኛ መድኃኒት ነው ወይ፥ ልጄ?» አሉኝ። «የለም፥ እናቴ፤ አጎቴ የልጅ ልጃቸውን ሊሥሉበት ነው» ብላቸው፥ «ታዲያ ፎቶግራፍ አያነሷትም?» አሉ። ለዚህ ጥያቄ መልስ አላገኘሁለትም።

አጎቴ ሥዕል የተማሩት በአዲስ አበባው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ነው። ይህን ትምህርት ቤት በ1950 ዓ.ም. ያቋቋሙት፥ በቺካጎ ተምረው የተመለሱት ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም ናቸው፤ ዛሬም በስማቸው ይጠራል። አጎቴ በ1962 ገብተው፥ ትምህርታቸውን ጨርሰው ወደ ጎንደር ሲመለሱ አብዮቱ ፈንድቶ ቆያቸው። ከዚያ በኋላ እንዲሥሉ የታዘዙት ፊት የማርክስ፥ የኤንግልስና የሌኒን ነበር፤ ያውም የቤት ግድግዳ በሚያህል ቆርቆሮ ላይ። «ዐሥራ አራት ዓመት ሙሉ የሦስት ሰዎች ጢም ስቀባ ኖርኩ» ይላሉ። በ1983 መንግሥት ተለውጦ ሰሌዳዎቹ ሲወርዱ እሳቸውም የቀለም ሣጥናቸውን ዘጉ። ከዚያ ወዲህ እንጀራቸው የሱቅ ማስታወቂያ መጻፍ ሆነ። ፊደል እንጂ ፊት አልነኩም።

ዝምታውን ያፈረሰችው ሚጣ ናት። ሚጣ የስድስት ዓመት ልጅ ስትሆን፥ ከእናቷ ጋር የምትኖረው በአዲስ አበባ ነው። ባለፈው ጥምቀት መጥታ «አባባ፥ ሠዓሊ ነህ አሉ፤ እስቲ ሣለኝ» አለቻቸው። በእርሳስ ሣሉላት። ወረቀቱን ዘቅዝቃም አቅንታም ካየች በኋላ «ይህቺ እኔ አይደለሁም» ብላ መለሰችላቸው። አጎቴ ይህን ቃል አንድ ዓመት ተሸክመውት ዋሉ። በዚህ ላይ ሐኪም በሁለቱም ዓይናቸው ላይ የሞራ ጅምር አይቶባቸዋል። ለዚህ ነው ቀለም ይዤ እንድመጣ በስልክ ያዘዙኝ፤ አሮጌዎቹ ቱቦዎች ድንጋይ ሆነው ነበርና።

በማግስቱ ጠዋት ሚጣን በመስኮቱ አጠገብ በዱካ ላይ አስቀመጧት። በአቡጀዲ የተወጠረውን ሸራ በነጭ መደብ አስቀድመው አዘጋጅተውት ነበር። እኔ የታሪክ አስተማሪ እንጂ የሥዕል ሰው አይደለሁም፤ ሆኖም በዚያ ሳምንት ሥራ አላጣሁም። ሞራ የያዘው ዓይን ነገሩን ሁሉ ወደ ቢጫ ያደላበታልና፥ አጎቴ ብሩሹን እያሳዩ «ይህ ሰማያዊ ነው ወይስ አረንጓዴ?» እያሉ ይጠይቁኛል። እኔም የተጠየቅሁትን እመልሳለሁ። ጥቁር ቀለም ከሰሌዳቸው ላይ አልነበረም። የኛ ሰው ፊት በጥቁር አይሠራም፤ ከቀይ አፈር፥ ከቢጫ አፈርና ከሰማያዊ ይወለዳል አሉኝ። ግንባር ላይ የሚያርፈውም ብርሃን ከሰማይ የመጣ ስለ ሆነ ጥቂት ሰማያዊ ይፈልጋል። እውነትም የሚጣን ግንባር ደጋግሜ ባየሁት ጊዜ ሰማያዊውን አገኘሁት፤ ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም።

ሚጣ ግን ዝም ብላ አትቀመጥም። የምትረጋው በመስኮት ወደ መንገዱ ስታይ ብቻ ነው፤ ለበዓሉ የሚዘምሩ ወጣቶች ያልፋሉና። አጎቴም ዕድሉን አይተው ከጎን ሣሏት። ሥራው አምሮ ሳለ የቤቱ እመቤት ቡና ይዘው ገቡና ቀጥ ብለው ቆሙ። «ምነው! ልጄን በአንድ ዓይን?» አሉ። አጎቴ አልመለሱም።

አንባቢ ሆይ፥ ይህ ነገር የገባኝ ጥምቀት ባለፈ በማግስቱ ሦስታችን ደብረ ብርሃን ሥላሴ በሄድን ጊዜ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ከከተማው ወደ ሰሜን ምሥራቅ ወጣ ብሎ፥ በድንጋይ አጥር ተከቦ የቆመ ነው። በ1880 ዓ.ም. ድርቡሾች ጎንደርን ባቃጠሉ ጊዜ ከተረፉት ጥቂቶች አንዱ ሲሆን፥ የንብ መንጋ ጠበቀው ይባላል። ጫማችንን አውልቀን ገባን። ግድግዳው ሁሉ በጨርቅ ላይ ተሥሎ በተለጠፈ ሥዕል የተሸፈነ ነው፤ ጣራውን ቀና ብለን ስናይ ደግሞ በወራጆቹ መካከል ክንፍ ያላቸው የመላእክት ፊቶች ተደርድረዋል። ሁሉም ትልልቅ ዓይኖቻቸውን ወደ ታች ጥለዋል። ሚጣ አፏን ከፍታ ስትዞር ቆየችና «አባባ፥ እነዚህ ሁሉ ዝም ብለው የተቀመጡት እንዴት ነው?» አለች። አጎቴ ሳቁ፤ ሳቃቸውም በቤተ መቅደሱ ውስጥ ስለሚያሳፍር በነጠላቸው አፈኑት።

በጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቃን በሁለት ዓይናቸው ተመልካቹን ያያሉ፤ ሰይጣንና ክፉዎች ግን ከጎን ተሥለው በአንድ ዓይን ይቀራሉ። የአጎቴ ባለቤት የተቆጡት ከዚህ የተነሣ ነበር። አጎቴ በትምህርት ቤት የጎን ፊት ምንም ነውር እንደሌለበት ተምረዋል፤ እኔም ከእሳቸው ጋር ነኝ፥ ሥዕሉም የሚያምር ነበር። ይሁን እንጂ በዚያን ዕለት ማታ አሮጌ ቢላዋ አንሥተው እርጥቡን ቀለም ከሸራው ላይ ፋቁት። ሁለት ቀን የደከሙበት በጋዜጣ ተጠቅልሎ ተጣለ። እኔ ስቃወም «ሦስቱ ጢማሞችም ከጎን ነበር የሚታዩት» አሉኝ። በዚህ ላይ ምን ይባላል?

ሁለተኛው ሥዕል ፊት ለፊት ነበር። ሚጣን ወደ እሳቸው እንድታይ ለማድረግ ተረት የመንገር ሥራ ለእኔ ተሰጠኝ፤ ከአጎቴ በስተጀርባ ቆሜ ስለ ጦጣና ስለ ጅብ የማውቀውን ሁሉ ጨረስኩ። ቀኑ ግን አጠረ። የተልባ ዘይት እንደ ውኃ ተንኖ አይደርቅም፤ ከአየር ኦክሲጅን እየወሰደ ቀስ በቀስ ይጠነክራል እንጂ። ስለዚህ ስሱ ቅብ ቀናት፥ ወፍራሙ ሳምንታት ይፈልጋል። ግራ ዓይኗ አልቆ፥ ቀኙ ገና ቡናማ ጥላ ብቻ ሳለ ጥር 16 ቀን እናትና ልጅ ወደ አዲስ አበባ ሄዱ። ሚጣ ከመሄዷ በፊት ሥዕሉን እንደ ባለፈው ዓመት አንጋጣ አየችው። ዝም አለች። ከዚያ ጣቷን ሰድዳ አፍንጫውን ነካችና ጫፏ ላይ የቀረውን ቀለም በቀሚሷ ጠረገችው። «እኔ ነኝ፤ ግን አላለቅሁም» አለች።

ቀሚሱ በአኳራጅ ቢታሸም አልለቀቀም።

በመጋቢት ስልክ ደወልኩላቸው። የሚጣን ፎቶግራፍ በስልክ ልላክልዎትና ቀኙን ዓይን ይጨርሱት ብላቸው እንቢ አሉ። ሥዕሉ ደርቋል፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙረው አኑረውታል። ከሰው ዓይን ነው የምሠራው፥ ሐኪሙም እስከ ክረምት እንደምቆይ ነግሮኛል አሉኝ። ሚጣ በሐምሌ ትመጣለች፤ እስከዚያ ድረስ ነጩ ቀለም እንዳይደርቅ የቱቦውን አፍ በላስቲክ ጠቅልለው አስረውታል።