አዲሱ ኮምፕዩተራችን ለምን ዘገመ?

ይህን ጽሑፍ እንዳቀርብ ያነሣሣኝ ባለፈው ሳምንት በመኝታ ክፍላችን የተነሣ ክርክር ነው። አንድ ጓደኛችን አዲስ ያስገጠመው ኮምፕዩተር ቢዘገይበት፣ አንዱ «ቫይረስ ነው» አለው፤ ሌላው ደግሞ «ሻጩ አታሎህ ነው» አለው። እኔ ዝም አልኩ። ዝም ያልኩት ስለ ነገሩ ስለማላውቅ አይደለም። ያ ሁለተኛው ቃል አምና ሽንፋ ላይ ከኔው አፍ የወጣ ስለሆነ ነው።

አምና 12ኛን ጨርሼ ጎንደር አጎቴ ዘንድ ተቀምጬ ነበር። ታላቅ እህቴ በዚያን ጊዜ ሽንፋ ገበያው አጠገብ አንዲት ትንሽ የጽሕፈት ቤት ለመክፈት ተነሣች። የሰፈራችን ሰው አንዲት ማመልከቻ ለማስጻፍ ሲመላለስ ታይ ነበርና ገበያውን አውቃዋለች። አባቴ አራት ኩንታል ሰሊጥ ሸጠና ገንዘቡን ለኔ ላከው። «አንተ የተማርክ ነህ፣ ዕቃውን መርጠህ ግዛ» አለኝ።

እኔም ተገጣጥሞ ያለቀውን ከመግዛት ዕቃ ዕቃውን ገዝቼ ራሴ ብገጥመው ይረክሳል አልኩ። ይረክሳልም፣ እውነቴን ነው። አሥረኛ ትውልድ ኮር አይ 3 ፕሮሰሰር፣ ማዘርቦርድ፣ 8 ጊጋ ባይት ራም፣ ኤስኤስዲ፣ ፓወር ሰፕላይና ሣጥኑን ካንድ ሱቅ ገዛሁ። ባለሱቁ በዕድሜ ጠና ያሉ ሰው ናቸው። «ልግጠምልህ?» ቢሉኝ «የለም፣ እችላለሁ» አልኳቸው። ያን ሌሊት አጎቴ ቤት መሬት ላይ ምንጣፍ ዘርግቼ ገጠምኩት፤ ዊንዶውስም ጫንኩበት። ሠራ! ከደስታዬ ብዛት ሩብ ሰዓት ያህል እንኳ ሥራ አብዝቼበት አልፈተንኩትም። በማግሥቱ ለፋሲካ ወደ ቤት መግባት ነበረብኝ።

ከአዘዞ በአይከል አድርጎ ወደ ቆላው የሚወስደውን መንገድ የሄደበት ያውቀዋል። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2000 ሜትር በላይ ነው፤ የኛ አገር ደግሞ ከ1000 ሜትር በታች። ሹራብ ለብሶ የተነሣ ሰው በከናቴራ ነው የሚደርሰው። ኮምፕዩተሩን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ አስጫንኩት። መኪናው ሲያንገጫግጨን ስለ ስክሪኑ ብቻ ነበር የምጨነቀው።

ሽንፋ ደርሰን ስንከፍተው ለትንሽ ጊዜ ደኅና ሆነ። ቀትር ላይ ግን አንድ ሽማግሌ ማመልከቻ ሊያስጽፉ መጡ፣ እህቴም ተቀመጠች። «ለ» ብላ ትነካለች፣ ፊደሏ ቆይታ ነው ብቅ የምትለው። ሽማግሌው ጠበቁ፣ ጠበቁና «ኧረ ለነገ ይሁን የኔ ልጅ» ብለው ሄዱ። አባቴ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ሁሉንም ይሰማል። ቆይቶ «ምነው ልጄ፣ በእጅ ቢጻፍስ አይፈጥንም?» አለኝ። በቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። የጠየቀኝ ከልቡ ነው።

ወዲያው ስልክ አንሥቼ ባለሱቁ ዘንድ ደወልኩ። «አሮጌ ዕቃ ነው የሸጥክልኝ፣ አታለልከኝ» አልኳቸው። ልብ በሉ፤ ሱቃቸው ቆሜ «እርስዎ» ስላቸው የነበርኩት ሰው በስልክ «አንተ» ወርጄ ተናገርኳቸው። እሳቸው ግን «ሙቀቱን አይተኸዋል?» ብለው ብቻ ጠየቁኝ። ዘጋሁባቸው።

ምርመራው ከዚያ ጀመረ። መጀመሪያ ቫይረስ ነው ብዬ ዊንዶውሱን እንደ ገና ጫንኩት፤ ያው ነው። ራሙ ነው ብዬ ነቅዬ በሌላው ቦታ ሰካሁት፤ ያው ነው። ጎረቤታችን ደግሞ «የመብራት ኃይሉ ደካማ ነው፣ የኔ ቬንትሌተር እንኳ እየተኛ ነው የሚዞረው» አለኝ። አሳማኝ ይመስላል፤ ነገር ግን ኮምፕዩተር እንደ ቬንትሌተር አይደለም። ፓወር ሰፕላዩ የገባለትን ኃይል አስተካክሎ ነው ለዕቃዎቹ የሚሰጠው። ማስተካከል ካቃተው ኮምፕዩተሩ ድርግም ብሎ ይጠፋል እንጂ እየጎተተ አይሠራም። የኛው ደግሞ አንድም ቀን አልጠፋ፤ ይጎተታል እንጂ።

በመጨረሻ መጀመሪያ ማየት የነበረብኝን አየሁ። ታስክ ማኔጀር የሚባለውን ከፍቼ የፕሮሰሰሩን ፍጥነት ብመለከት፣ 3.6 ጊጋ ኸርዝ የተጻፈበት ፕሮሰሰር በ0.8 ይሄዳል። ሥራ በዝቶበት ሳለ ማለቴ ነው። ጧት 1 ሰዓት ላይ ሳየው ደግሞ ለጥቂት ደቂቃ 3.6ን ይዞ ይቆይና ይወድቃል። ቀን 8 ሰዓት ላይ ከመነሻውም አይቆይም። ሦስት ቀን በደብተር መዘገብኩት፤ አልተለወጠም። አሮጌ ዕቃ ቢሆን ጧትና ቀትርን ከየት ያውቃል? የባለሱቁ ጥያቄ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ።

ፕሮሰሰር ሲሠራ ይግላል። የዚህ ዓይነቱ ፕሮሰሰር ወሰን 100 ዲግሪ ነው፤ እዚያ ሲደርስ እንዳይቃጠል ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል። በ2001 እ.ኤ.አ. ቶምስ ሃርድዌር የተባሉት የኮምፕዩተር መርማሪዎች ይህን በፊልም አሳይተዋል። ኮምፕዩተሮች እየሠሩ ሳለ ማቀዝቀዣቸውን አነሡባቸው፤ የኤኤምዲ አትሎን ፕሮሰሰር ወዲያው ጨሰ፣ የኢንቴል ፔንቲየም 4 ግን ዘገመና መሥራቱን ቀጠለ። መዝገም ስንፍና መስሎን ነበር እኮ፣ ለካ መትረፊያው ኖሯል።

እንግዲህ ጥፋተኛው የሽንፋ ሙቀት ነው አልኩና ደስ አለኝ። ሚያዝያ ላይ በኛ በኩል ጥላ ውስጥ 40 ዲግሪ ማለፉ ብርቅ አይደለም። ማቀዝቀዣው የሚያናፍሰው የክፍሉን አየር ስለሆነ አየሩ ራሱ 40 ከሆነ ብረቱ ከዚያ በታች አይወርድም። የሣጥኑን ጎን ከፍቼ ቬንትሌተር ባዞርበት ፍጥነቱ ጥቂት ከፍ አለ። ለእህቴም «አገሩ ነው እንጂ እኔ ምን ላርግ» አልኳት።

እሷ ግን «እዚያ ማዶ ያለው የጓደኛዬ ኮምፕዩተር እኮ በዚሁ ቀትር ይሠራል፤ እሱ ሌላ አገር ነው?» አለችኝ።

መልስ አጣሁ። ሄጄ ባየው እውነቷን ነው፣ ያውም ከኛው የቆየ ነው። ተመልሼ ሣጥኑን ከፈትኩና ኮምፕዩተሩ እየሠራ ሳለ በጥንቃቄ የማቀዝቀዣውን ብረት ዳር በጣቴ ነካሁት። ይጋለኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። ለብ ብሏል እንጂ አልጋለም! ፕሮሰሰሩ 100 ዲግሪ እያለ፣ በላዩ የተቀመጠው ብረት ለብ ብቻ ካለ፣ ሙቀቱ ወደ ብረቱ አልተሻገረም ማለት ነው። ካንዱ ጉልቻ የተንሸራተተ ምጣድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እሳቱ ይነዳል፣ እንጀራው ግን ባንድ በኩል ሊጥ ነው።

አጥፍቼ ማዘርቦርዱን ከሣጥኑ ሳወጣው ጉዱ ታየ። ማቀዝቀዣው ከቦርዱ ጋር የሚያያዘው በአራት የፕላስቲክ እግሮች ነው። እያንዳንዱ እግር በቦርዱ ቀዳዳ አልፎ «ቀጭ» ብሎ መቆለፍ አለበት። ሁለቱ ተቆልፈዋል። ሁለቱ ጫፋቸው ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ቆሟል እንጂ አልተቆለፉም። ያን ሌሊት ማዘርቦርዱን አስቀድሜ ሣጥኑ ላይ ስላሠርኩት ከጀርባው ማየት አልቻልኩም፤ በእጄ ተጭኜ «ገባ» ብዬ አልፌዋለሁ። ጎንደር ላይ እንደ ምንም ይዘው የቆዩት እነዚያ ሁለት እግሮች መንገዱ ሲያንገጫግጫቸው ተነሡ። ማቀዝቀዣውም ባንድ ጎኑ ከፕሮሰሰሩ ላይ ከፍ አለ። አገሩ ጥፋቱን አጋለጠው እንጂ ጥፋቱስ የእጄ ነበር።

ቆልፌው ልጨርስ እንዳልል ሌላ ችግር መጣ። በማቀዝቀዣውና በፕሮሰሰሩ መካከል የሚቀባ ቅባት አለ። ሁለቱ ብረቶች ለዓይን ለስላሳ ቢመስሉም ፊታቸው ላይ ጥቃቅን ጎድጓዶች አሉ፤ በነዚያ ውስጥ አየር ከቀረ ሙቀት በደንብ አያልፍም፤ ቅባቱ ያንን ነው የሚሞላው። አንዴ ከተላቀቀ ደግሞ ጠርጎ በአዲስ መቀባት ነው። እኔ ዘንድ የለም፤ ያለው እዚያ በሰደብኳቸው ሰው ሱቅ ነው።

ስልኩን ይዤ ግማሽ ቀን ዋልኩ። አባቴ ዝም ብሎ ያየኛል። በመጨረሻ ደወልኩና «ጋሼ፣ እርስዎን በድያለሁ፤ እግሩን ያልቆለፍኩት እኔ ነኝ» አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና «ስንቱ ነው ያልተቆለፈው?» አሉኝ። ሁለት ነው ስላቸው «አይ፣ እንደሱ ከሆነ ፕሮሰሰሩ አልተጎዳም፣ ራሱን ጠብቋል» ብለው አጽናኑኝ። በሦስተኛው ቀን ቅባቱ በሹፌር እጅ ደረሰኝ። ሒሳቡን ስትመለስ ትሰጠኛለህ አሉኝ።

አሮጌውን ቅባት በአልኮል ጠረግሁ፣ አዲሱን የአተር ፍሬ ያህል አደረግሁና አራቱን እግሮች አግድም አግድሙን፣ አንዱን ከዚህ አንዱን ከዚያ፣ «ቀጭ» እስኪሉ ተጫንኳቸው። ቀን 8 ሰዓት ላይ ሥራ አብዝቼ ስፈትነው 74 ዲግሪ ላይ ቆመ፤ ፍጥነቱም ከ3.6 አልወረደም። እነዚያ ሽማግሌ ማመልከቻቸውን በማግሥቱ ይዘው ሄዱ። ከፋሲካ በኋላ ሒሳቡን ልከፍል ሱቃቸው ብሄድ ባለሱቁ ገንዘቡን ቆጥረው ተቀበሉና «ሁለተኛ ማቀዝቀዣውን ስትገጥም ቦርዱን ሣጥን ውስጥ ሳታስገባ ግጠም» አሉኝ።

ወደ ጓደኛችን ኮምፕዩተር ልመለስ። የሱን ጧትም ቀትርም አይቼዋለሁ፤ እኩል ነው የሚዘገየው፤ ፍጥነቱም አይወርድም። ስለዚህ ቅባት የሚያድነው አይመስለኝም። እኔ የምጠረጥረው ዲስኩን ነው፤ ሲከፈት እንደ ወፍጮ ድምፅ ያሰማል፣ ይህም የሚሽከረከረው የድሮው ዓይነት ዲስክ ለመሆኑ ምልክት ነው። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ከፍተን እናየዋለን። ማየት የሚፈልግ መኝታ ክፍላችን ይምጣ። እስከዚያው ግን ሻጩ ዘንድ ማንም እንዳይደውል።