ሆጃ በእንግሊዝኛ

በጭሮም ሆነ በሂርና፣ በበዴሳም ሆነ በገለምሶ፣ እንግሊዝኛውን ለማበልጸግ የሚተጋ ወጣት አንድ ደብተር አያጣም። በደብተሩም ከመዝገበ ቃላት ጓዳ የተለቀሙ፣ በዕለት ንግግር የማይሰሙ ብርቅ ቃላት ተደርድረውበታል። እኔም በዚያ ዕድሜ ይኸው አመል ነበረኝና ቃል ለቃሚውን አልነቅፈውም። ቃልን ለድምፁ ብቻ ብሎ መውደድ የባለቅኔነት መጀመሪያ ነው።

ከነዚህ ቃላት አንዱ «ፔትሪኮር» ነው፤ ደረቅ መሬት ዝናብ ሲያገኘው የሚሰጠው ሽታ። ጥንታዊ ይመስላል እንጂ፣ እ.ኤ.አ. በ1964 ኢዛቤል ቤርና ሪቻርድ ቶማስ የተባሉ ሁለት የአውስትራልያ ሳይንቲስቶች፣ ድንጋይ ከሚለው የግሪክ ቃልና በአማልክት ደም ሥር ይፈስሳል ከሚባለው ፈሳሽ ስም አጋጥመው ያወጡት ነው። ሽታውን የጨርጨር ገበሬ በየበልጉ ያውቀዋል። እንግሊዝኛ ግን ስም የሌለው ነገር ሲገጥመው ከግሪኩም ከዐረቡም ይበደራል፤ አያፍርምም። የሀብቱ ምሥጢር ይኸው ይመስለኛል።

ግና ይህ ሀብት ምን ያህል ሊያስከፍል እንደሚችል የሚያሳይ ሰው በዚሁ አገር ነበር። በ1920ዎቹ ጨርጨርን ያስተዳደሩት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ፣ በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላው ጦርነት በኋላ ገና በሕፃንነታቸው በእንግሊዝ መኮንኖች እጅ ወደ ሕንድ ተወስደው፣ ቻርልስ ማርቲን ተብለው አደጉ። እንግሊዝኛቸው ምሉዕ ነበር፤ ሐኪም ሆነው ወደ ትውልድ አገራቸው ሲመለሱ ግን አማርኛን እንደ ባዕድ ቋንቋ መማር ነበረባቸው። በ1928 ዓ.ም. ኢጣሊያ ስትወርረን በለንደን የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆነው የአገራቸውን አቤቱታ ያሰሙት በዚያው በእንግሊዝኛ ነው። ያን ጊዜ ያስፈለጓቸው ቃላት ብርቅ ነበሩ ብዬ አላምንም።

እኔን ይህን ሁሉ ያሳሰበኝ አንዲት ትንሽ ቃል ናት። አንድ ተውኔቴን ወደ እንግሊዝኛ ስመልስ «ሆጃ» ላይ ደርሼ ቆምኩ። ሆጃ በምዕራብ ሐረርጌ ቤቶች የቡና ገለባ ከወተት ጋር ተፈልቶ የሚጠጣው ነው። ረቂቁን ያነበበ ወዳጄ «ካስካራ በለው» አለኝ። ካስካራ ከስፓኝ ቋንቋ የተወሰደ፣ ልጣጭ ማለት የሆነ ቃል ነው፤ የቡና ነጋዴዎች የገለባውን መጠጥ የሚጠሩት በዚህ ስም ነው። የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ2022 የደረቀው ገለባ በአባላቱ ገበያ እንዲሸጥ ፈቅዷል። በበዴሳ ያሉ እናቶች የማንንም ፈቃድ ሳይጠብቁ ሲያፈሉት ኖረዋል!

ከስፓኝ የተበደረ ከእኛ መበደር ምን ያግደዋል? ጤፍን በስሙ ወስዶት የለም እንዴ? ወዳጄን አመሰገንኩና ቃሉን እንዳለ ተውኩት። በሁለተኛው ገቢር አያትየው ሲኒውን ለልጅ ልጃቸው እያቀበሉ «ሆጃ ነው፣ ጠጪ» ይላሉ፤ የግርጌ ማብራሪያም አልጨመርኩበትም። ተመልካቹ ከእንፋሎቱ ይረዳው።